ባዶ ያልኩት ሜዳ

አርባ ምንጭን በእግሬ ከማውቃት ይልቅ በጣቴ አውቃታለሁ። ለሃያ ዓመት ገደማ በአንድ መሥሪያ ቤት የካርታ ክፍል ተቀምጬ መንገዶቿን ስስል፣ ስሰርዝ፣ እንደገና ስስል ኖሬያለሁ። መጀመሪያ በቀለም ብዕርና ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት፣ በኋላ ደግሞ በኮምፒዩተር። ሲቀላ ሰፈር ከታች፣ ሴቻ ሰፈር ከላይ፣ በመካከላቸው ሚኒባሶቹ እያቃሰቱ የሚወጡት ዳገት። ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን ጠረጴዛው ላይ ብጎትት፣ ከኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ማሳዎች ተነስቼ፣ ገበያውን አቋርጬ፣ ሁለቱ ሐይቆች ቁልጭ ብለው እስከሚታዩበት እስከ ሴቻ ጫፍ ድረስ ሳልሳሳት እደርሳለሁ።

ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲጫነኝ እንቅልፍ ሳይሆን እንቅልፍ የሚመስል ነገር ይዞኝ ይሄዳል። ያን ጊዜ መንገዶቹ ወረቀቱ ላይ ቀስ እያሉ ይንቀሳቀሳሉ። ሐይቆቹ ይጠጋጋሉ። አባያ ወደ ቡናማ፣ ጫሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በዚያ ሰመመን ውስጥ ግን ሁለቱም ነጭ ሸማ ይሆኑና ዳርቻቸው ላይ ጥለት አያለሁ። የሸማኔ ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል። የሥራ ባልደረቦቼ ለምደውኛል፤ "ዛሬም ሄደች" ይሉና በእኔ ሒሳብ ሻይ ያዝዛሉ።

አባቴ ከተማዋን በዕድሜ ይበልጣታል። ይህን ለእንግዳ ስነግር እንደ ቀልድ ይወስደዋል፤ ግን እውነት ነው። የጠቅላይ ግዛቱ መሥሪያ ቤቶች ከጨንቻ ብርድ ወደዚህ ቆላ ሲወርዱ እሱ ገና ጢም ያላወጣ ሸማኔ ነበር። ጸሐፊዎቹ በሄዱበት ገበያ አይጠፋም ብሎ፣ የሽመና ዕቃውን ተሸክሞ ከደጋው መንደር ከኦቾሎ ወረደ። "እነሱ ካፖርታቸውን እንደለበሱ መጡ፣ እኔ ደግሞ ወፋፍራም ጋቢ ሠርቼ ተከተልኳቸው" ይላል። "ሳምንት ሳይሞላ እነሱ ካፖርታቸውን ሰቀሉ፣ እኔ ጋቢዬን ታቅፌ ቀረሁ።" ይህን ሲያወራ እስኪያስለው ድረስ ይስቃል። ከዚያ ወዲህ ስስ ነጠላ ብቻ ሠርቶ ነው ያሳደገኝ። አንዱን ጋቢ ግን አልሸጠውም፤ እስከ ዛሬ ይደርበዋል።

እሱ ሲያወራው ከተማው አይገነባም። ጠዋት ጉሙ ከሐይቁ ላይ ሲነሳ አንድ ቆርቆሮ ቤት ብቅ ይላል፤ በሌላ ቀን ሌላ። ማን እንደሠራው፣ በማን ትእዛዝ እንደተሠራ አይነግረኝም። ልጅ ሆኜ ቤቶች በሌሊት ከመሬት የሚበቅሉ ይመስለኝ ነበር፤ ካርታ መሳል ስጀምር እንኳ ይህ ነገር ከውስጤ ሙሉ በሙሉ አልወጣም።

እኔ በዓይኔ ያየሁት ታሪክ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ላይኛውና ታችኛው ሲሻኮቱ የኖሩበት ታሪክ ነው። መናኸሪያው የት ይሁን? ውሃው መጀመሪያ ለማን ይድረስ? ኮብልስቶኑ ከየት ይጀምር? ሲቀላ "ገበያውን የያዝነው እኛ ነን" ይላል፤ ሴቻ "ማኅተሙን የያዝነው እኛ ነን" ይላል። ስንቱ ስብሰባ ላይ ካርታ ዘርግቼ ቆሜያለሁ። ተሰብሳቢው ከተማውን አያይም። ጠጋ ብሎ የራሱን ቤት ይፈልጋል፣ ሲያገኘው ደስ ይለውና ተመልሶ ይቀመጣል። በእሱ አልስቅም፤ እኔም አዲስ ካርታ በታተመ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው የእኛን ጓሮ ነው። ኃላፊዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። የመጣው ሁሉ ከተማዋን ትንሽ ሳብ አድርጎ ያሰፋታል። እንዲህ ስትሳብ ስትሳብ፣ ከሴቻ ባሻገር ያሉት የገጠር መንደሮች አንድ ቀን ከተማ ተባሉ።

ከእነዚህ መንደሮች በአንዱ፣ ከቤታችን የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ዱቡሻ አለ። ዱቡሻ የጋሞ ሰው ለመመካከር የሚቀመጥበት ሜዳ ነው። ግድግዳ የለውም፣ ጣሪያ የለውም፣ የተለጠፈ ሰሌዳ የለውም። ያለው አንድ ትልቅ ሾላ፣ ከሥሩ ሳር፣ ሳሩ ላይ ደግሞ ሰው ተቀምጦባቸው የለሰለሱ ድንጋዮች ናቸው። አይታረስም፣ አይታጠርም። የተጣላ የሚታረቀው እዚያ ነው። ሰፈሩ የመረጠው አገልጋይ፣ ሃላቃ የሚባለው፣ ነገሩን ይመራል፤ ሰው ሁሉ ተራውን ጠብቆ ይናገራል። ሰው በሌለበት ቀን ያየው መንገደኛ ግን ከብት የሚያርፍበት ጥላ ነው ብሎ ያልፋል።

ትምህርት ቤት ሳልገባ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ይዞኝ ይሄድ ነበር። እሱ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፣ ጋቢው መሬት ሲነካ እኔ ጫፉ ላይ እቀመጣለሁ። የሚናገሩትን ነገር አልሰማም። የምሰማው ድምፁን ነው፤ አንዱ ሲመርቅ ሌሎቹ አንድ ላይ በጉሮሯቸው የሚመልሱትን። ከሾላው ቅጠሎች መካከል ሐይቁ ይታየኛል። ጉንዳኖች በጋቢው ጥለት ላይ ተሰልፈው ያልፋሉ፣ እኔም እንዳይረገጡ በጣቴ መንገድ እሠራላቸዋለሁ። አሁን ሳስበው የመጀመሪያው ካርታዬ ያ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ልቤ ያረፈበት ጊዜ የለም።

ዩኒፎርም ከለበስኩ በኋላ መሄድ ቀረ። አባቴ መጥራቱን ተወ፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

የተበላሸው ነገር የተበላሸው አንድ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነው። አዲሶቹን መንደሮች ልንለካ አራት ሆነን በመሥሪያ ቤቱ መኪና ወጣን። የክፍሉ ኃላፊ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ በዕድሜ የሚያንሰኝ ኢንጂነር ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራ ወዳድ፣ ፀሐይ የማይፈራ፣ ትንሽ ቀልድ የሚያበዛ። ጠዋት በሌላ መንደር ስናልፍ ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አየና "እዚህ አገር ድንጋይ ሁሉ ስብሰባ አለው እንዴ?" አለ። መኪናው ውስጥ ያለነው ሳቅን። እኔም ሳቅኩ፤ ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እንዲያውም እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ከዚያ ሾላው ጋ ደረስን። ሰው የለም። አንዲት ፍየል ድንጋይ ላይ ቆማ ታመነዥካለች፤ የቆመችበት የአባቴ ድንጋይ ነው። ኢንጂነሩ ጂፒኤሱን ይዞ ዞር ዞር አለና ጠየቀኝ።

"ይሄስ? የምንድን ነው?"

የማውቀው ነገር ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ መጣ። የጋቢው ጫፍ፣ ጉንዳኖቹ፣ ያ ድምፅ። አሁን ይህን ብናገር ደግሞ መኪናው ውስጥ ይሳቃል፤ ጠዋት አብሬ የሳቅኩት በአባቴ ላይ እንደነበር ሁሉም ያውቅብኛል።

"ባዶ ነው" አልኩት።

"ጻፊዋ።"

ጻፍኩት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ርቦኝ ነበር፣ መኪናው ውስጥ ምሳዬ፣ በሀለኮ ቅጠል የተሠራ ኩርኩፋ፣ እየቀዘቀዘ ነበር፣ ፀሐዩም አናት ይበሳ ነበር። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ምክንያቱ ግን እነሱ አይደሉም። አፍሬ ነው።

የካርታን ጠባይ የማውቀው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ አላወቅኩም ብዬ ማምለጥ አልችልም። በመጀመሪያው ካርታ "ባዶ ቦታ" ነበር። በሁለተኛው "ክፍት ቦታ" ሆነ። በሦስተኛው ደግሞ "ለልማት የተዘጋጀ ቦታ"። ሦስቱንም በእነዚህ ጣቶች የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። በየጊዜው አንድ ሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚቀየረው፣ እኔም በየጊዜው ነገ እናገራለሁ እል ነበር። ከዝናቡ በፊት ሠራተኞች ሄደው ሾላውን ከመካከል አድርገው፣ አናታቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ዙሪያውን ተከሉ። ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ሊሠራበት ነው ተባለ።

አባቴ የሰማው የዚያኑ ዕለት ነው። ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን። ማታ እራት ላይ ጎመኑን ገፋ አደረገ። እቤት ጋሞኛውንም አማርኛውንም ቀላቅለን ነው የምናወራው። አማርኛውን ከገበያ ስለተማረው እኔን እስከ ዛሬ "አንተ" ይለኛል፣ እኔም አርሜው አላውቅም፤ ደስ ይለኛል።

"አንተ ቢሮ ውስጥ ነህ" አለኝ። "ያን ሜዳ ባዶ ነው ያለው ማን ነው?"

"እኔ እንጃ አባዬ። ካርታው ከድሮ የመጣ ነው።"

"የማያውቅ ሰው ነው የጻፈው" አለ። "እኛን ያላየ ሰው።" ከዚያ ጎመኑን ወደ እኔ መልሶ አስጠጋልኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የምፈራው የሜዳውን መጥፋት ብቻ አልነበረም። አባቴ አንድ ቀን ያወቀ እንደሆነ በእኔ ላይ ያለው እምነት ያበቃል፤ በዚህ ዓለም ላይ ያለኝ ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

የመንደሩ ወጣቶች ችካሉን እንነቅላለን ብለው ዱላ ይዘው ወጡ። ሽማግሌዎቹ ቀድመዋቸው ሜዳው ላይ ደረሱና እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። እርጥብ ሳር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ ተራምዶ ማለፍ በጋሞ ዘንድ አይሞከርም። ወጣቶቹ ዱላቸውን ጥለው ተመለሱ። አባቴም ከተንበረከኩት አንዱ ነበር፣ ጉልበቱን ያመዋል፤ ሲመጣ ሱሪው ጭቃ ነበር፣ አጠብኩለት።

በሳምንቱ የቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ኢንጂነሩ ካርታውን ግድግዳው ላይ አበራ። "እኛ የምንሠራው በሰነድ ነው" አለ፤ "ሰነዱ ላይ ይህ ቦታ ባዶ ነው።" እኔ ኮምፒዩተሩ ጎን ተቀምጫለሁ። ግድግዳው ላይ ያ ነጭ ቦታ በራ። ሙቀት ነበር፣ ያ ሰመመን መጣብኝ፤ ነጩ ላይ ጥቃቅን ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው አየሁ፣ አንዱ ጋቢ ደርቧል። ዓይኔን ሳሽ ጠፉ።

ሃላቃው ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ገበሬ ነው። ይከራከራል ብዬ ስጠብቅ "እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጡን" አለ ብቻ። "እናንተን ከመክሰሳችን በፊት ራሳችንን እንፈትሻለን።"

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ኢንጂነሩ ግራ ገብቶት ነበር። "ምን ዓይነት ነገር ነው? እኛ ችካል ተክለን እነሱ ንስሐ ይገባሉ?" አለኝ። እሱ የማያውቀውን እኔ አውቃለሁ። ጎሜ የሚባል ነገር አለ፤ የተከለከለን ማድረግ፣ አድርጎም መሸሸግ ማለት ነው። በሰፈሩ ላይ ችግር ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ውጭ ያለውን ሰው ከመጠየቃቸው በፊት ከመካከላችን ማን ምን ሸሸገ ብለው ይጠይቃሉ። የተሸሸገው በሰው ፊት ካልተነገረ ችግሩ አይለቅም ይባላል። ድንበር መግፋት ደግሞ ከከባዶቹ አንዱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከአባቴ ጋር ሄድኩ። ከስንት ዓመት በኋላ ነው። "አንተም ትመጣለህ?" አለኝ፤ ደስ እንዳለው ከአረማመዱ ያስታውቃል። ጉሙ ገና ሐይቁ ላይ ነበር። ችካሎቹ ጤዛ ይዘዋል። ሰዉ ሳሩ ላይ ተቀመጠ፣ ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ እኔም ከእነሱ ጋር። ሃላቃው መረቀ፣ ሰዉ መለሰ። ያ ድምፅ ከልጅነቴ ተነስቶ እንደገና መጣ።

ከዚያ ተራ በተራ መነሳት ጀመሩ። አንዱ ከወንድሙ ጋር በሚዋሰንበት ማሳ ላይ ድንጋዩን አንድ ክንድ እንደገፋ ተናገረ። አንዲት ሴት የታመመች ጎረቤቷን እያየች እንዳላየች ማለፏን ተናገረች። ከዚያ ሁላችን ሐጂ የምንላቸው ሰው ተነሱ። ከወደ ስልጤ መጥተው እዚህ ያረጁ፣ ሲቀላ ላይ ክር የሚሸጡ፣ ለአባቴም ዕድሜ ልኩን ክር ያቀረቡ የሰፈር ሰው ናቸው።

"እኔ እንግዲህ ሥርዓታችሁን በደንብ አላውቅም" አሉ ቆባቸውን እያስተካከሉ። "ግን ለልጄ ሰርግ ድንኳን ልተክል ብዬ የጎረቤቴን አጥር አነሳሁ። እመልሳለሁ ብዬ ይኸው ልጄ ሦስት ወለደች።"

ሰዉ ሳቀ። ጎረቤትየው ከተቀመጠበት "አራተኛው ሲወለድ ይመልሱታል" አለ፣ እሳቸውም እየሳቁ ተቀመጡ። ለአንድ አፍታ ነገሩ ሁሉ ቀላል መሰለኝ። ቀኑ በዚህ ቢያልፍ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ ጉሙ ቢነሳና ሁላችንም ወደየቤታችን ብንሄድ ብዬ ተመኘሁ።

አባቴ ተነሳ። ጋቢውን ትከሻው ላይ አደላደለ።

"የእኔ ጥፋት ይበልጣል" አለ በጋሞኛ። "ልጄ እዚያ ቢሮ ነው የምትሠራው፣ ታውቋታላችሁ። ሕፃን ሳለች እዚህ አመጣት ነበር። ትምህርት ቤት ስትገባ ተውኩ። ከተማ ያሳድጋት ብዬ ነው፤ ድንጋይ ላይ የሚቀመጥ ሰው ልጅ ተብላ እንዳይሳቅባት ብዬ ነው። ይህ ቦታ ምን እንደሆነ አንድ ቀን አስቀምጬ አልነገርኳትም። ብነግራት ኖሮ ታውቅ ነበር። ብታውቅ ኖሮ ያ ሰው ባዶ ነው ሲል ባዶ አይደለም ትልላችሁ ነበር። የሸሸግኩባት እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።"

በእጁ የያዘውን እርጥብ ሳር ከፊቱ አስቀመጠና አንገቱን ደፋ።

እግሬ እንዴት እንዳስነሳኝ አላውቅም። ቆሜ ስገኝ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል፣ አባቴም ቀና ብሏል። ያዘጋጀሁት ንግግር አልነበረም። እንዲሁ አወጣሁት።

"አውቅ ነበር" አልኩ። "አባዬ፣ አውቅ ነበር። ባዶ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝ እዚህ ቆሜ ነበር፣ ድንጋይህም ይታየኝ ነበር። የጻፍኩትም እኔ ነኝ፣ ሦስት ጊዜ።"

አባቴ አየኝ። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያየኝ መንገድ ላይ ሰላም ሊል ጠጋ ብሎ፣ የሚያውቀው ሰው አለመሆኑ እንደገባው ሽማግሌ ነው።

ሃላቃው አልገሠጸኝም። "ሰማን" አለ። ሳር ነጭቶ እጄ ላይ አደረገልኝ። "የተሸሸገው ወጥቷል። አሁን እዚህ ያልሽውን እዚያም በይው።" ከዚያ የሚቀጥለው ሰው ተነሳ፣ ስለ አንድ በሬ ማውራት ጀመረ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከፊት ከፊት ሄደ። ሁልጊዜ ጎን ለጎን ነበር የምንሄደው። ጉሙ ተነስቶ ሁለቱም ሐይቆች ታዩ፤ ከኋላው እየተከተልኩ የጋቢውን ጫፍ ብቻ እያየሁ ሄድኩ።

ሰኞ ኢንጂነሩ ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤ አስቀመጥኩ። ቦታው ምን እንደሆነ፣ እኔ ምን እንዳልኩ፣ ለምን ስህተት እንደሆነ። ሁለት ጊዜ አነበበው።

"አላውቅም ነበር ብለሽ ጻፊ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ይቀልልሻል።"

"አውቅ ነበር እኮ።"

"ለእኔም ይቀለኛል።" ደብዳቤውን መልሶ አየና "መኪናው ውስጥ የቀለድኩት ነው አይደል ያሳፈረሽ?" አለ። ክፉ ሰው አይደለም ያልኩት ለዚህ ነው። እሱም ከሥሩ ሐሳቡን ጽፎ ፈረመበትና ወደ ላይ ላከው። የከተማው ምክር ቤት ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ሦስቱንም ጊዜ ሳር ይዘው መጥተው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ፣ አንድም ቃል አልተናገሩም፣ አባቴም ከእነሱ ጋር ነበር። በሦስተኛው ቀን ችካሎቹ ይነቀሉ ተባለ። የነቀሏቸው ያው የተከሏቸው ሠራተኞች ናቸው።

እኔ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። በሰነድ ላይ ሆን ብላ ተሳስታለች ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ የሚገባኝ ነው፣ አላማረርኩም። ከመዛወሬ በፊት ግን የታረመውን ካርታ እንድጨርስ ኢንጂነሩ ፈቀደልኝ። ያን ቦታ ቀለም አልቀባሁትም። ነጭ እንደሆነ ተውኩትና መካከሉ ላይ "ዱቡሻ" ብዬ ጻፍኩ። በሃያ ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቃል ቀስ ብዬ የጻፍኩት የለም።

በእነዚህ ሁሉ ሳምንታት አባቴ ከሚያስፈልገው በላይ ቃል አላወጣም። በላህ ወይ ይለኛል፣ ዝናብ መጣ ይለኛል። ሽመናው ላይ ተቀምጦ መወርወሪያውን ያመላልሳል፣ እኔ በር ላይ እቆማለሁ፣ ቀና አይልም። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ክር እንዳቀብለው ይጠይቀኛል። በዕድሜዬ ሙሉ ያን ያህል ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ቀን መዝገብ ቤት ውስጥ ስቀመጥ ሰመመኑ እንኳ ተወኝ፤ መንገዶቹ መንቀሳቀስ አቁመው ነበር።

የካርታውን ቅጂ ጠቅልዬ ይዤ የመጣሁት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ደጃፍ ላይ ጋቢውን ደርቦ ተቀምጧል። ሳልናገር ከፊቱ መሬት ላይ ዘረጋሁት፣ ነፋስ እንዳያነሳው አራቱም ጥግ ላይ ድንጋይ አደረግኩ። ማንበብ አይችልም። እንደ ሰው ሁሉ ቤቱን ይፈልጋል ብዬ ጓሯችንን ላሳየው ጎንበስ አልኩ።

"ሜዳው የቱ ነው?" አለ።

ጣቱን ይዤ ነጩ ላይ አሳረፍኩለት። ብዙ ጊዜ እዚያው አቆየው። ከሥራ ብዛት የጠነከረው የጣቱ ጫፍ ቦታውን ሁሉ ሸፈነው።

"የእኔ ድንጋይ?"

"እዚህ ላይ ድንጋይ አይታይም አባዬ፣ በጣም ያንሳል። ግን እዚሁ ጋ ነው፣ ጣትህ ሥር።"

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጣቱን ከወረቀቱ ሳያነሳ ትንሽ፣ የጉንዳን እርምጃ ያህል፣ ወደ ጎን ፈቀቅ አደረገው።

"አንተ ደግሞ እዚህ ነበርክ" አለኝ፤ የጋቢውንም ጫፍ መሬቱ ላይ አነጠፈልኝ።